«የራስህ ገንዘብ ነው» ይሉሃል

ልጁን ለትምህርት ጀርመን ለመላክ የተነሳ ቤተሰብ አንድ ማጽናኛ ሳይሰማ አይውልም። «ምን ያስጨንቃችኋል? ገንዘቡ እኮ የትም አይሄድም። የራሱ ነው፤ በየወሩ ይመለስለታል።» ይህን የሚለው የውጭ ትምህርት አማካሪው ነው፤ ቀድሞ የሄደው ጓደኛ ነው፤ አንዳንዴም ብሩን የሚያበድረው አጎት ራሱ ነው። ስለ ብሎክድ አካውንት ከሚነገረው ሁሉ ሰው አምኖ የተቀበለው ይህንኑ ነው፤ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ የሚገባውም ይህንኑ አምኖ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ የመጣለት ተማሪ፣ ቀበና ላለው ኤምባሲ የቪዛ ማመልከቻ ሲያስገባ የአንድ ዓመት መኖሪያ እንዳለው ማሳየት አለበት። ስኮላርሺፕ ካለው ወይም ጀርመን የሚኖር ሰው ለወጪው በሕግ ዋስ ከሆነለት ይበቃዋል። ያለዚያ እግሩ ባልረገጠው አገር ብሎክድ አካውንት የሚባለውን ሂሳብ ከፍቶ 11,904 ዩሮ ያስገባል። ከዚያ ውስጥ ሲደርስ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅለታል እንጂ ከዚያ በላይ መንካት አይችልም። መጠኑም ባለበት አይቆምም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. 11,208 ዩሮ ነበር፤ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ነው 11,904 የሆነው።

992 ከየት መጣ? የጀርመን መንግሥት አቅም ለሌላቸው የገዛ ተማሪዎቹ ከሚሰጠው የትምህርት ድጎማ ከፍተኛ ጣሪያ ነው የተወሰደው። የድጎማው ግማሽ ስጦታ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ወለድ የሌለው ብድር። እንግዲህ ያው መንግሥት ለድሃ ልጁ በየወሩ እየሰጠ የሚያስተምርበትን ገንዘብ፣ ከእኛ ድሃ ልጅ የዓመቱን ጠቅልሎ ቅድሚያ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ «ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» ሲባል እንሰማለን። አዎን፣ ከጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና ከባደን ቩርተምበርግ ግዛት በስተቀር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም። ክፍያው በሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር፣ ዩሮ ደግሞ ከ60 ብር ጥቂት አለፍ ብሎ ነበር። የዚያን ጊዜው 11,208 ዩሮ በወረቀት ላይ 700 ሺህ ብር ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ያልኩት በዚያ ዋጋ ከባንክ ማግኘት ወረፋና ዕድል ስለነበረ ነው፤ በጥቁር ገበያ ዋጋው እጥፍ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ዩሮ 130 ብር አካባቢ ደረሰ፤ 11,904 ዩሮም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር አለፈ። ከዚያም ወዲህ ብሩ መውረዱን አላቆመም። የሁለት መምህራን ልጅ ይህን ያህል ብር «የራሴ ነው» ሊል የሚችለው በምን ሂሳብ ነው?

የራሱ አይደለም። ፍራንክፈርት ያለው አጎት የቆጠበው ነው፤ ዋሽንግተን ያለችው አክስት ያዋጣችው ነው፤ ወይም መኪናው ተሸጦ፣ ቤቱ ተይዞ የመጣ ነው። ስለዚህ ኤምባሲው ፋይሉን ሲገልጥ የሚያየው የተማሪውን አቅም አይደለም፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለውና የሌለው የሚለይበት ወረቀት ነው። በማትሪክ ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅ ውጭ አገር ሰው ከሌለው ይቀራል፤ በውጤቱ ብዙ የሚያንሰው ጓደኛው አክስቱ ከላከችለት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲው አያውቅም፤ እሱ ሁለቱንም ተቀብሏቸዋል።

የተበደረ ደግሞ ይመልሳል። «በየወሩ ይመለስለታል» የተባለው 992 ዩሮ ኪራይና የጤና መድን ከተቆረጠበት በኋላ በአንድ በኩል ሊበላበት፣ በሌላ በኩል የአጎት ብድር ሊከፈልበት ነው። የጀርመን መንግሥት የኑሮ ዋስትና ብሎ የመዘገበው ገንዘብ በቤተሰቡ ደብተር ላይ ዕዳ ተብሎ ነው የተጻፈው።

አላላኩንም ተመልከቱት። ከአዲስ አበባ የወጣ ገንዘብ ጀርመን እስኪገባ መሃል ላይ ያለ አገናኝ ባንክ የድርሻውን ሊቆርጥ ይችላል። 11,904 ተልኮ 11,880 ገባ እንበል። 24 ዩሮ ስለጎደለ ሂሳቡን የከፈተው ድርጅት ማረጋገጫውን አይሰጥም። ማረጋገጫው ከሌለ ደግሞ ፋይሉ ጎደሎ ነው፤ የኤምባሲው ቀጠሮ ግን ቀኑ ደርሷል። አባት ባንኩ መስኮት ላይ ቆመው «ልጄ፣ በቀደም ሁሉንም ልኬ አልነበር?» ይላሉ። «አባባ፣ እኛ በሙሉ ነው የላክነው፤ የተቆረጠው መንገድ ላይ ነው» ትላለች የባንኩ ሠራተኛ፤ እውነቷን ነው። እንደገና ቅጽ፣ እንደገና ስዊፍት፣ እንደገና የአገልግሎት ክፍያ። በዚህ ላይ ሂሳቡን ለመክፈት ብቻ ከ50 እስከ 100 ዩሮ ገደማ፣ በየወሩም ጥቂት ዩሮ ይከፈላል። ለታሰረው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ወለድ አይታሰብም።

ቪዛው ከተከለከለስ? ገንዘቡ ይመለሳል፤ ይህ እውነት ነው። የሚመለሰው ግን በዕለቱ የባንክ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በጥቁር ገበያ ዋጋ ገዝቶ በዚያው ጊዜ በባንክ በኩል የተመለሰለት ሰው ግማሽ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። «የትም አይሄድም» የተባለው ገንዘብ ሄዷል።

ጀርመኖች የሚሰጡት ምክንያት መናቅ የለበትም። ቋንቋው ያልገባው፣ ሥራ ያላገኘ ተማሪ በክረምት ያለ ኪራይ ቢቀር የሚጎዳው መጀመሪያ ራሱ ነው። ግን ሕጋቸው ራሱ ምን ይላል? ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ተፈቅዶለታል። በ2025 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። በቀን ስምንት ሰዓት ብታስቡት ከ14,300 ዩሮ በላይ ይሆናል፤ ከተጠየቀው ዋስትና የሚበልጥ። ሁሉም ተማሪ ይህን ያህል እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ በተለይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ይከብዳል። ታዲያ ለመጀመሪያው ስድስት ወር የሚበቃው ይጠየቅ። የቀረውን ሠርቶ እንዲሞላ ሕጉ መብት ሰጥቶታል፤ ቪዛው ለምን ይነፍገዋል?

ሌላው የአማካሪዎቹ ማስፈራሪያ «ሳትሄድ ካልከፈትክ እዚያ ባንክ አያስገባህም» የሚለው ነው። ሐሰት ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን ሕግ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂም ይሁን ቋሚ አድራሻ የሌለው፣ መሠረታዊ የባንክ ሂሳብ የመክፈት መብት አለው። እንዲያውም ከብሎክድ አካውንቱ የሚለቀቀው ገንዘብ የሚገባው እዚያ ደርሶ በሚከፍተው በዚሁ ተራ ሂሳብ ነው። እስኪከፍት ድረስ ዓመት ሙሉ የሚያኖር ገንዘብ በስሙ ተቀምጦ ልጁ ዘመድ ሶፋ ላይ ያድራል። አከራዩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ሊጠይቀው ሕግ ይፈቅዳል፤ የታሰረው ገንዘብ ግን ለመያዣ አይፈታም። ለዚያም ሌላ ብድር ያስፈልጋል።

ኤምባሲው ቢያንስ ዋስትናውን በሁለት ከፍሎ ይቀበል፤ ግማሹን ለቪዛው፣ ግማሹን የመኖሪያ ፈቃዱ ሲወጣ። የእኛ ትምህርት ሚኒስቴርና ውጭ ጉዳይም ይህን አንስተው ይጠይቁ። እስከዚያው ቤት ለመሸጥ ለተነሳችሁ ወላጆች የምለው ይህን ነው፦ የመግቢያ ደብዳቤው ሳይደርስ አንድ ዩሮ አትላኩ፤ ስትልኩም የመንገዱ ተቆራጭ በእናንተ በላኪዎቹ እንዲሸፈን ባንኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ልጁንም ገንዘቡ የማን እንደሆነና ለማን፣ መቼ እንደሚመለስ ሳትደብቁ ንገሩት።