ቴፑን ማን አቃጠለው?

ሰሞኑን እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ ላይ የባጃጅ ሹፌር ጓደኛዬን አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ቴፑ ተቃጥሏል፤ ባለንብረቱ «ትከፍላታለህ!» ብሎታል። «ስፒከር ጨምርበት» ብዬ የመከርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ለካስ በአንዱ መስመር ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ አገናኝቷል። ወዳጆቼ፣ እንዲህ ሲቀጠል 8 አይሆንም፤ ወደ 2 ይወርዳል! አብዛኛው የመኪና ቴፕ የሚችለው ግን ከ4 ኦም ጀምሮ ነው። ኦሙ በግማሽ ሲወርድ የሚሳበው ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ ቴፑ ይግላል፣ ይነዳል። የአንዱን ማይነስ ከሌላው ፕላስ ብታያይዙ 8 ኦም ይሆናል፤ ድምፁ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ቴፑ አይጎዳም። እናም ከመግዛታችሁ በፊት የስፒከሩን ጀርባ አንብቡ።

የዕዳውን ግማሽ እኔ ችያለሁ። ምክር ከሰጡ አይቀር እንዲህ ነው!