ስለ ራሱ የጻፈ ሁሉ ትዕቢተኛ ነውን?

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት በእንጀራና በዳቦ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን አንዳንድ የተማሩ ወገኖቻችን ይህንኑ ተረት ወደ ቤተ መጻሕፍት አስገብተው፤ የራሱን ሕይወት የጻፈ ሰው ሁሉ ለራሱ አግንኖ የቆረሰ ነውና የእርሱን መጽሐፍ ከማንበብ ልብ ወለድ ማንበብ ይሻላል እያሉ ሲፈርዱ እንሰማቸዋለን። ሌሎችም ከዚህ አልፈው፤ ጨዋ ሰው ስለ ራሱ አይናገርም፤ የአባቶቻችን ልማድ ሥራን ሠርቶ ስምን መሸሸግ ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ፍሬው ሲመረመር ግን ዝምታ ነው፤ ከዝምታውም አብልጦ የሚጠቀመው እንዲረሳለት የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ነው።

አባቶችን ለሚጠቅሱት በአባቶች እንመልስላቸው። ገላውዴዎስ የሚባለው መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. የወለተ ጴጥሮስን ገድል የጻፈው እርሷ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በዚያም መጽሐፍ የመኳንንት ሚስት የነበረችው ሴት ትዳሯን ጥላ መውጣቷን፤ የንጉሥ ሱስንዮስንም የሃይማኖት ለውጥ አልቀበልም ማለቷን ሳይሸፋፍን ተርኳል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ ይሁን ብለው ነው። እንግዲህ የሰውን ኑሮ በስሙና በሥራው መመዝገብ ከውጭ አገር ትናንት የገባ ፈሊጥ አይደለም።

ከየት ልጀምር ለሚል አንባቢ የመጀመሪያው ምክሬ በ1959 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ነው። ይህን መጽሐፍ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ ከአባቱ አንደበት ተቀብሎ አዘጋጀው። መንግሥቱን በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» የሚያውቀው ተመልካች ብዙ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ደራሲው ራሱ ወደ ጓዳ ገብቶ አባቱን በአደባባይ አስቀምጧል። አለቃ የተማሪነት ኑሯቸውን፤ የመምህራኑን ጠባይ፤ የዘመናቸውን ሰዎች ወሬ ሲያወጉ አማርኛቸው ከአፍ እንደ ወጣ ነው፤ ቃሉ አልተቀባም፤ ዐረፍተ ነገሩም በትምህርት ቤት ማስመሪያ አልተሰመረም። ስለ ራስ መናገር ሁሉ ትዕቢት ከሆነ፤ ትዕቢቱ በዚህ መጽሐፍ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ያሳዩን። ምድጃ ዳር ተቀምጦ የሚያወጋን ሽማግሌ ትዕቢተኛ የሚለው ማን ነው?

አሁን ወደ ታላቁ ቁም ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ብቻ እንውሰድ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የተሻሩበትን ቀን። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሰዎች መካከል ቢያንስ አራቱ ስለ ዕድሜያቸው ጽፈው ትተውልናል። አንዱ በዚያ ቀን አልጋ ወራሽ የተባሉት ራስ ተፈሪ ናቸው፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሳሉ በ1929 ዓ.ም. «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ጻፉ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1965 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው አብረዋቸው ያደጉት ዘመዳቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ መጽሐፋቸው «ካየሁትና ከማስታውሰው» ይባላል። ሦስተኛው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው የተመለሱት፤ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፤ በጄኔቭም ለአገራቸው የተከራከሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አራተኛው ሰዋስው የጻፉት የቤተ ክህነቱ ሰው መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ናቸው፤ እርሳቸውም ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያዩትንና የሰሙትን መዝግበዋል።

እነዚህን አራት መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያላነበበ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲከራከር ብሰማ ጆሮዬን አልሰጠውም። የሥልጣኑ ባለቤት ያየው፤ ዘመዱ ያየው፤ ከባሕር ማዶ የተመለሰው ቁጡ ሊቅ ያየው፤ ብዕሩን ይዞ ከዳር የቆመው ወጣት ያየው አንድ አይደለም። ሊሆንም አይችልም። ተቃዋሚዎቻችን «ይኸው፤ እርስ በርሳቸው አይስማሙምና አይታመኑም» ይሉናል። እኛ ደግሞ የሚታመኑት በዚህ ነው እንላለን። በዳኛ ፊት አራት ምስክሮች ቀርበው አንድ ቃል ሳይሳሳቱ አንድ ነገር ቢናገሩ፤ ዳኛው መክረው መጥተዋል ብሎ አይጠረጥርምን? በተለይ የተክለ ሐዋርያትን መጽሐፍ እመክራለሁ፤ የሚያሞግስ ሳይሆን የሚወቅስ ብዕር ነው፤ ቁጣቸው አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፤ ነገር ግን አንባቢን አያስተኛም።

ግን ይህን ጠረጴዛ ለመሙላት ስንት ጊዜ ፈጀብን? የራስ እምሩ፤ የተክለ ሐዋርያትና የመርስዔ ኀዘን ጽሑፎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትመው በእጃችን የገቡት ባለቤቶቻቸው ካረፉ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ መካከል ስንቱ ተሟገተ፤ ስንቱ መጽሐፍ ጻፈ፤ ስንቱ ተማሪ ተመረቀ! ሳንሱር ነበር፤ ፍርሃትም ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የቤተ ዘመድም እጅ አለበት። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው አባባል በለቅሶ ቤት ያማረ ነው፤ በሣጥን ውስጥ ባለ ጽሑፍ ላይ ሲጫን ግን የሞተውን ሰው ሁለተኛ መግደል ይሆናል። አባቱ የጻፈውን ወረቀት ሰውን ያስቀይማል ብሎ የሚቆልፍ ልጅ የአባቱን ክብር ጠበቀ አይባልም፤ የአባቱን ቃል ቀማ እንጂ።

በሕይወት ሳሉ ያሳተሙ ደግሞ አሉ፤ ለምሳሌ ደጃዝማች ከበደ ተሰማ በ1962 ዓ.ም. ያወጡት «የታሪክ ማስታወሻ» ይጠቀሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ዕጣ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ እንኳ ቢኖር ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቶ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ያውቃቸዋል። ይኸው ደራሲ ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር የዘመተ፤ በመጨረሻም ተማርኮ ወደ ጣሊያን የተጋዘ ሰው ነው። ስለዚያ ዘመን የጻፈውን «ትዝታ» በስሙ እንኳ የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት ነው። ለልብ ወለዱ ሰዎች ያለቀስነው እውነተኛው ሰው ስለ ደረሰበት መከራ ሲነግረን ፊታችንን ለምን እናዞራለን? ራስ እምሩ በታሰሩባት በፖንዛ ደሴት ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣኑ ወርዶ በ1935 ዓ.ም. ታስሮባት ነበር፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ነገር ቢፈጥር ተጋነነ ብለን እንነቅፈው ነበር።

እርግጥ ሁሉም የሕይወት ታሪክ ለማንበብ ይበቃል አልልም። የሹመትና የሽልማት ዝርዝር ሆኖ የቀረ አለ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጸሐፊው አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሳሳተበትም አለ። እኔ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ራሱን የሚያሳፍር ነገር ነግሮኛልን? የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በልጅነቱ ሳይራብ የሰው ዛፍ በርን ሰርቆ መጣሉን በኑዛዜው ውስጥ ዘርዝሮ ጽፏል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም የሚነበብበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው፤ በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪ ጥቁር መሆኑን ባዩ ጊዜ ድንጋጤ እንደ ያዛቸው፤ ወዲያውም ያ ድንጋጤ የአፓርታይድ አስተሳሰብ በውስጣቸው የዘራው መሆኑን እንደ ተረዱት አውጥተው ተናግረዋል። ይህን ቢደብቁት ማን ያውቅባቸው ነበር?

ይህ ጥያቄ በደርግ ዘመን ባለሥልጣኖች መጻሕፍት ላይም ይቅረብ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ2004 ዓ.ም. «ትግላችን»ን አሳትመዋል፤ ጠላቶቻቸው አንብበው አይጨርሱትም፤ ወዳጆቻቸው ደግሞ ከእርሱ በቀር ሌላ አያነቡም። ሁለቱም ተሳስተዋል። በኢሕአፓ ውስጥ የነበረችውና በዚያው ዘመን የታሰረችው ሕይወት ተፈራ በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመችውን፤ ኋላም «ማማ በሰማይ» ተብሎ ወደ አማርኛ የተመለሰውን መጽሐፍ ከጎኑ አስቀምጦ ማንበብ ይገባል። አሳሪውንና ታሳሪዋን ያላደመጠ ሰው ስለ 1969 እና ስለ 1970 ዓ.ም. የሚያውቀው የራሱን ወገን ለቅሶ ብቻ ነው።

ከጠረጴዛው ላይ የጎደለ አንድ ትልቅ ወንበር ግን አለ። በአሜሪካ ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት አምልጦ በ1845 እ.ኤ.አ. የራሱን ታሪክ ሲያሳትም የጌቶቹን ስምና የኖረበትን ስፍራ ሁሉ ገልጦ ጻፈ፤ በዚህም ምክንያት ተይዞ እንዳይመለስ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ያ መጽሐፍ የሕግ ማስረጃ ያህል ሠራ። በእኛም አገር ባሮች ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ ተምሮም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 እ.ኤ.አ. እንዲታተም አደረገ። ከእርሱ ጋር የተሸጡት ሌሎች ግን ምን ሆኑ? የመኳንንቱን ቤት ታሪክ በብዙ ቅጽ እናነባለን፤ በዚያው ቤት እንጨት የፈለጠው፤ ውሃ የቀዳችው፤ ልጅ ያሳደገችው በራሳቸው ቃል የነገሩን እጅግ ጥቂት ነው። ባርነትን ያስቀረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ዘጠና አልፎታል፤ መንግሥቱ ለማ ለአባቱ እንዳደረገው አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፍለት ካልመጣ የሚጠብቀን ብዙ ጊዜ የለም።