ልጁ ሰነፍ አይደለም፦ በቪዲዮ ስለሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ

እዚህ አሜሪካ በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ከአምልኮ በኋላ ቀርባ፣ "ፓስተር፣ ልጄ ማንበብ አልሆነለትም፤ ይጸልዩልን" አለችኝ። ልጁ የ9 ዓመት ነው። ጸለይን። ከዚያ በየወሩ የምትከፍልበትን "አእምሮ የሚያጎለብት" የስልክ ጨዋታ አሳየችኝ። ስንነጋገር ግን ትምህርት ቤቱ ልጁን ለመመርመር ፈቃዷን የጠየቀበት ደብዳቤ ስድስት ወር ሙሉ ሳይፈረም ቤቷ መቀመጡ ወጣ። "እብድ ነው ብለው እንዳይመዘግቡት ፈራሁ" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ የኒውሮሳይኮሎጂ ባለሙያ የሚፈልገው እብደትን አይደለም። ልጁ ድምፅን ከፊደል እንዴት እንደሚያገናኝ፣ የሰማውን ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ትኩረቱንና የቁጥር አያያዙን ነው የሚያየው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ብሩህ አእምሮ ባላቸው ልጆችም ላይ ይታያል። በእኛ መካከል ግን ወይ "ሰነፍ" ይባላል፣ ወይ መንፈስ ነው ተብሎ ይገሠጻል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአተኛውን ሲፈልጉ ጌታ አልተቀበላቸውም፤ እኛ ዛሬም እንፈልጋለን።

ከ2020 (እ.ኤ.አ.) የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ይህ ድጋፍ በቪዲዮም መሰጠቱ ተለምዷል። በከተማችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ባይገኝ ከሌላ ግዛት ይገባል። ንባብ የሚያስተምረው ባለሙያም ልጁን በስክሪን እያየ፣ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ፣ በደንብ ሊሠራ ይችላል። በእጅ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ ፈተናዎች ግን በአካል ቢሆኑ ይሻላል።

ይህን ከስልክ ጨዋታ ጋር አታምታቱት። በ2013 ሞኒካ ሜልቢ-ለርቮግና ቻርልስ ሁልም ብዙ ጥናቶችን መርምረው፣ የማስታወስ ልምምድ ልጁን በልምምዱ እንጂ በንባብና በሒሳብ እንደሚያሻሽለው አሳማኝ ማስረጃ አላገኙም። በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሉሞሲቲ የተባለውን ጨዋታ አዘጋጅ ኩባንያ፣ በትምህርትና በሥራ ውጤት ያሻሽላል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ አስተዋውቋል በሚል ከስሶት ጉዳዩ በ2 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተዘግቷል።

በአሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ አይዲኢኤ የሚባለው ሕግ በጽሑፍ ምርመራ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚደረገው ምርመራ ነጻ ነው፤ ግዛቱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር የፈረማችሁት ፈቃድ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። በተቻለ መጠን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ይደረጋል፤ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻም ችግር አለበት ሊባል አይገባም። ይህን ሳናውቅ ስንት ዓመት ከፈልን!

አገር ቤት ላላችሁ ነገሩ ይከብዳል። ዊስክ-ቪ የተባለው ታዋቂ የልጆች ፈተና ውጤት የሚነጻጸረው በ2,200 የአሜሪካ ልጆች ነው፤ የሆሳዕናን ልጅ በዚያ መስፈሪያ እንዳለ መስፈር አይሆንም። ለእንግሊዝኛ ፊደል የተሠራ ትምህርትም "ቡ"ንና "ቢ"ን ለሚያምታታ ልጅ ብዙም አይረዳውም። ባለሙያ በቪዲዮ ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ምን እንደሚሠራ ጠይቁት።

ያቺ እህት ፈርማለች። ልጁም በሳምንት ሁለት ቀን በቪዲዮ ንባብ ይማራል። ቤቷ ሁለት ሕፃናት ስለሚንጫጩና ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ፣ በሥራ ቀን ባዶ የሚውለውን የሰንበት ትምህርት ክፍል ከፍተንላቸዋል። እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች። አሁን ሌላ ቤተሰብ ተጨምሯል፤ ሦስተኛ ከመጣ ሰዓቱን መከፋፈል ይኖርብናል።