ስለ ታይሚንግ ቺንጋ፦ ሳይበጠስ ማን ይክፈል?



በሰፈራችን በሚኒባስ የሚተዳደረው ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዱ ባለንብረት፣ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው ረዳት ነው። ከነዚህ መኪኖች አንዱ በቆመ ቁጥር ክርክሩ ወደ ማኅበራችን ይመጣል። ጠቡ ብዙውን ጊዜ ስለ አንድ የጎማ ቺንጋ ስለሆነ፣ ያለንን ዐሳብ በዚህ ሰሌዳ ላይ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

መካኒኮች ታይሚንግ ቺንጋ የሚሉት ከሞተሩ ፊት በክዳን ተሸፍኖ የሚገኝ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ሥራውም የሞተሩን የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ጋር እያገናኘ ፒስተኑና ቫልቩ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሄዱ ማድረግ ነው። እሱ ሲበጠስ ቫልቩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ፒስተኑም ወጥቶ ይመታዋል። በናፍጣ ሞተር ላይ ይኸ ከደረሰ ቫልቭ መጣመሙ አይቀርም ማለት ይቻላል። ቴስታታው ይወርዳል፤ አንዳንዴም ፒስተኑ ይሰበራል። ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው የናፍጣ ሃይኤሶች ይኸው ቺንጋ አላቸው። ባጃጅ የለውም፤ ቪትዝም በሰንሰለት ነው የሚሠራው።

ባለንብረት ወንድሞቻችን «ሳይበጠስ ለምን ይቀየራል?» ይላሉ። እንዲያው ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ዕቃ ተወዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ግን ቺንጋው ሲወደድ ቫልቩና ቴስታታው ረክሷል ወይ? እነሱም በዚያው ዶላር ነው የሚመጡት። ስለዚህ ዕቃ በተወደደ ቁጥር አስቀድሞ መቀየር ይበልጥ ያዋጣል እንጂ አያከስርም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ይኸ ቺንጋ እንደ ሞተሩ ዓይነት ባብዛኛው ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 360። በየቀኑ የሚመላለስ መኪና 100 ሺሁን በ278 ቀን ይጨርሳል፤ ዓመት አይሞላም። ለምሳሌ ቺንጋው፣ የመወጠሪያው ኩሽኔታና የእጅ ዋጋው ባንድነት 20 ሺህ ብር ቢደርስ፣ ለ278 ቀን ሲካፈል በቀን 72 ብር ነው። ይኸ የአንድ ተሳፋሪ ሂሳብ እንኳ አይሆንም።

መኪናው ቆሞ ቢከርምም ጎማው ያረጃል፤ ዘይት ከነካው ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ያገለገለ መኪና የገዛም ቆጣሪውን ብቻ አምኖ መቀመጥ የለበትም።

ታዲያ ማን ይክፈል? በእኛ በኩል ባለንብረቱ ነው እንላለን። ሾፌሩ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ሞተሩ ግን የባለንብረቱ ሀብት ነው። «አንተ ነህ የሰበርከው» ተብሎ የሚባረረው ሾፌር ልጆቹን የሚያሳድገው እዚሁ ሰፈር ነው። ሾፌሩም በበኩሉ ኪሎ ሜትሩን በደብተር እየጻፈ ጊዜው ሲቃረብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሳያሳውቅ ቢቀር ኪሳራውን ይጋራ።

የጣና ባለታንኳ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ ሲበሰብስም አዲስ ያስራል። ሐይቁ መሐል እስኪሰጥም የሚጠብቅ የለም። ሰው የሞላበት ሚኒባስ ዓባይ በረሃ ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል ከዚህ በምን ይለያል?

ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። ያገባናል! ሞተር ሲወድቅ ብድር የሚጠየቀው ከዚሁ ከማኅበራችን ሣጥን ነው። ለተሰበረ ሞተር ትልቅ ብድር ከመስጠት ለቺንጋ ትንሽ ብድር መስጠት ለሣጥኑም ይሻላል፤ መኪናው እየሠራ ስለሆነ ብድሩ ቶሎ ይመለሳል።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ባለንብረትና ሾፌር ሲዋዋሉ የቺንጋው ወጪ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ሁለተኛ፣ የደብተሩን ኪሎ ሜትር ላሳየ አባል ለቺንጋ መቀየሪያ የሚሆን ብድር ይፈቀድ። ባለንብረቶችም ሾፌሮችም ተገኝታችሁ ዐሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እናሳስባለን።