ማንም የማያያቸው 11 ታቦታት

ባለፈው ክረምት ለሥራ ለንደን ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዌስትሚንስተር ላይ ጀልባ ተሳፍሬ በቴምዝ ወንዝ እስከ ግሪንዊች ወረድኩ። አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ ድልድዩን፣ ግንቡን እየጠራ ይተርካል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከሰዓት በኋላ ግን ብሪቲሽ ሙዚየም ገባሁ፤ የከነከነኝ እዚያ ነው።

ሙዚየሙ 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉት። አብዛኞቹን የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 የዘረፋቸው ከመቅደላ ነው፤ የጎረቤታችን የቋራ ልጅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከሞቱበት አምባ። ለእይታ አይቀርቡም። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩአቸውም። ለክብራቸው ሲባል ነው ይላሉ። ጥሩ! ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ?

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሰርቨራችን ላይ ማናችንም የማንከፍተው፣ ባለቤቱ ግን ዘወትር የሚጠይቀው ፋይል ባገኝ፣ ለመመለስ ስብሰባ አልጠራም።

«ሕጉ አይፈቅድም» ይሉናል። የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ግን በስብስቡ ሊቆይ የማይገባው ዕቃ፣ የተመራማሪዎችን ጥቅም እስካልጎዳ ድረስ፣ ሊወጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ማንም ተመራማሪ እንዲያየው ያልተፈቀደ ነገር ቢወጣ የሚጎዳው የቱ ተመራማሪ ነው?

«እናንተ ጋ ጦርነት አለ፤ እዚህ ይቆይ» የሚለውን ከራሳችን ሰዎች አፍም እሰማለሁ። እኔ የአብርሃ ጅራ ልጅ ነኝ፤ ጦርነት ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም። ግን እኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ተሰርቀው፣ ጠፍተው ወይም ተጎድተው የተገኙት እዚያው ደህና በተባለው ሙዚየም ነው።

ደግሞስ ታቦት የመጋዘን ዕቃ ነው እንዴ? እኛ ጋ በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ልጆች ሆነን ምንጣፍ ተሸክመን ከፊት ከፊት እንሮጥ ነበር። እናቶች እልል ሲሉ አቧራው እንኳ አይታየንም። የሚኖረው እንዲህ ሲከበር ነው።

መመለስ ደግሞ ይቻላል። ኤድንብራ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘውን ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 መልሷል፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም በእልልታ ተቀብሎታል።

ለንደን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዘመድ ሲመጣ በጀልባ አዙሩት፣ ሙዚየሙንም አሳዩት። ስትወጡ ግን «11ዱ ታቦታት መቼ ይመለሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላው ይጠይቅ።