ቃል ቆጣሪዎች

ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነፍቺያቸው መሸምደድ የአዋቂነት ማዕረግ ሆኗል። «ዩቢኩዊተስ» ያለ ሊቅ፣ «በየቦታው የሚገኝ» ያለ ግን መሃይም ይባላል። ይህን ሚዛን እቃወማለሁ!

እንግሊዝኛን አልጠላም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬበታለሁ፣ በባንክም እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ቃል ከታሪኩ ሲነጠል ገለባ ነው። «ሴረንዲፒቲ»ን፣ ማለትም ሳይፈልጉት የተገኘ ሲሳይን፣ እንይ። ቃሉን በ1754 እ.ኤ.አ. የፈጠረው እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል ነው፤ መነሻው የሦስቱ የሰረንዲብ መሳፍንት ተረት ሲሆን፣ ሰረንዲብ የዛሬዋ ስሪላንካ ናት። እርሱ ከሩቅ አገር ተረት ቃል አበጀ፤ እኛ የደጃችንን እንረግጣለን።

እዚህ ደገሀቡር ሱማልኛ እንስቷን ግመል «ሃል»፣ የጭነቱን ወንድ «አውር»፣ ግልገሉን «ኒሪግ» ብሎ ይለያል። ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላትስ ስንቶቻችን ገለጥን?

ጉዳዩ ቅንጦት አይደለም። አንድ አዛውንት «ኮላተራል» ከሚል ቃል ሥር አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ፣ ሊቁ ቃሉን የሸመደደው ነውን? አይደለም! «ያስያዙት ቤትዎን ነው» ብሎ በሱማልኛ የሚያስረዳቸው ነው።

የሩቁን ሲለቅም የቅርቡን ከጣለ፣
ቃል ቆጠረ እንጂ መች ምስጢር አደለ።