ስለ ትንሹ የምድር ባቡርና በውስጡ ስለሚቀመጠው ተርጓሚ

የእጅ ጥበብ በቤት ውስጥ ሲዘወተር ልጆችን ከሥራ ፈትነት ያርቃል፤ ትዕግሥትንም ያስተምራል። ይህ ነገር ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ከከተማዪቱ አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀልጡ እንደ ነበረ፥ ሴባስቶፖል የተባለውም ከባድ መድፍ በተራራና በገደል እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እንደ ደረሰ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ደብረ ታቦር እስከ ዛሬ ድረስ የምድር ባቡር አልደረሰባትም። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ስፋቱም 1 ሜትር ነበረ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ሐዲድ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የዚህም ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ወደ ጎንደር አገር ስላልመጡ፥ የደጋው ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በሥዕል ነው። ሥዕል ግን አይሄድም፤ ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ከሥዕል ይልቅ የተሻለ መምህር መሆኑ አይጠረጠርም።

በጃፓን አገር ካቶ የተባለው ፋብሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ሲ 50 የተባለውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አሳንሶ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የዚህ ዓይነቱ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጃፓን የተለመደው እውነተኛ ሐዲድ 1067 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባቡሩ በ150 እጅ ይታነሳል፤ ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር ግን በ1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ስለሚሄድ በ160 እጅ ይታነሳል። ልጅዎ 1435ን ለ160፥ 1067ንም ለ150 ያካፍል። የመጀመሪያው 9 ያህል ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ከ7 ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ የተለመደው የጃፓን ባቡር ከልኩ በሰፋ ሐዲድ ላይ መቆሙን ልጁ በሒሳብ ብቻ ይደርስበታል።

በቀድሞው አሠራር የሐዲዱ ኤሌክትሪክ ሲበረታ ባቡሩ ይፈጥናል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቮች ቢቀመጡ ግን ሁለቱም አብረው ይነሣሉ። ዲሲሲ በተባለው በአዲሱ አሠራር ኃይሉ ሁልጊዜ በሐዲዱ ላይ አለ፤ ትእዛዙም ከኃይሉ ጋር ይመጣል። ይህ ትእዛዝ አጭርና ረጅም ምት ነው፤ የአጭሩ ምት እኩሌታ ከሰከንድ ሚሊዮን ክፍል 58 ያህል፥ የረጅሙም 100 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ዲኮደር ማለት ይህን ቋንቋ የሚፈታ ተርጓሚ ማለት ነው። በገበያ አዋጅ ሲነገር ሁሉ ይሰማል፤ አቤት የሚለው ግን ስሙ የተጠራው ብቻ እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭም በቁጥሩ ካልተጠራ ከስፍራው አይነቃነቅም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ተርጓሚውን ለማስገባት ሲያስቡ ይህን ሥርዓት ይከተሉ ዘንድ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ሎኮሞቲቩ በቀድሞው አሠራር በደህና መሄዱ ይፈተሽ፤ አስቀድሞ የታመመውን ተርጓሚው አያድነውም። ሁለተኛ፥ ሞተሩ ሲታገድ የሚወስደው ኃይል ተርጓሚው ከሚችለው በታች መሆኑ ይለካ። ሦስተኛ፥ የገመዶቹ ቀለም ይጠና። ቀዩ ከቀኝ ሐዲድ፥ ጥቁሩ ከግራ ሐዲድ ኃይል ይቀበላሉ፤ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፤ ነጩ የፊት መብራት፥ ቢጫው የኋላ መብራት፥ ሰማያዊውም የመብራቶቹ የጋራ መስመር ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በብዙዎቹ ትናንሽ ሎኮሞቲቮች የብረቱ አካል በሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ወገን የቀኙን፥ ሁለተኛው የግራውን ሐዲድ ኃይል ተሸክሞ በመዳብ ልሳን ለሞተሩ ያቀብላል። ተርጓሚው ከገባ በኋላ ሞተሩ ኃይል መቀበል ያለበት ከተርጓሚው ብቻ ነው። አንዱ ልሳን እንኳ ከአካሉ ጋር ቢነካካ ተርጓሚው በቅጽበት ይቃጠላል። ስለዚህ ልሳኖቹ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ይለዩ፤ ከዚያም በሞተሩና በመንኰራኵሮቹ መካከል ምንም ግንኙነት አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጥ። ካቶ ከሠራቸው አንዳንዶቹ ኢኤም 13 የተባለው ተርጓሚ የሚገባበት ስፍራ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ስፍራ የሌላቸው የቀድሞዎቹ ግን ብረታቸው እንዲሞረድ ግድ ስለሚሆን ለጀማሪ አይመከሩም።

አምስተኛ፥ ሎኮሞቲቩ ወዲያው በዋናው ሐዲድ ላይ አይቀመጥ። መቆጣጠሪያው ለመፈተሻ በለየው፥ ኃይሉም ጥቂት በሆነው ሐዲድ ላይ ቆሞ ቁጥሩ ይነበብ። አዲስ ተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ 3 ቁጥር ተሰጥቶት ይመጣል። ቁጥሩ ከተነበበ ገመዱ ትክክል መሆኑ ታወቀ፤ ካልተነበበ ስሕተቱ ጉዳት ሳያደርስ ይፈለጋል። ተርጓሚ የሌለው ሎኮሞቲቭም በዲሲሲ ሐዲድ ላይ ቆሞ አይተው፤ ሞተሩ እየጮኸ ይግላል፥ ሊቃጠልም ይችላል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምናበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በቶኪዮ የሚኖር ሰው ተርጓሚው ቢቃጠልበት ወደ ሱቅ ሄዶ ሌላ ይገዛል። በደብረ ታቦር ግን ዕቃው ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ተልኮ የሚመጣ ነው፤ የጠፋው እስኪተካ ልጁ ወራት ይጠብቃል፥ ተስፋም ይቆርጣል። አባትም ተቈጥቶ ዕቃውን በሣጥን ቢቈልፍበት፥ ልጁ ከእጅ ሥራ ፍርሃትን እንጂ ጥበብን አይማርም።

እናቶችም ይህን ልብ ይበሉ፤ የብየዳው ቆርቆሮ እርሳስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ልጆች ሥራውን ሲጨርሱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ገበታ አይቅረቡ፤ መስኮቱም ክፍት ይሁን። የጋለው ብረት በአዋቂ እጅ ይያዝ፤ ቴስተሩን ግን ልጁ ይያዝ፥ በሞተሩና በመንኰራኵሩ መካከል ግንኙነት አለመኖሩንም እርሱ ራሱ አይቶ ለአባቱ ይንገር፤ አባትም ቃሉን ሳይሰማ ኃይሉን አይክፈት።